በእርዳታ ደብዳቤ የቆመ ትምህርት ቤት፦ የአዲስ አበባው የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤትና የረቢዎቹ መልእክቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ለማስተማር ልምምድ የተሰማሩ እጩ መምህራንን ለመከታተል ከአዳማ ተነሥተን በሞጆ በኩል ወደ ሐይቆቹ በሚወስደው መንገድ ላይ ከምትገኝ አንዲት አነስተኛ ከተማ ደረስን። የጎበኘነው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ለጡረታ የተቃረቡ ሰው ነበሩ። ስለ ትምህርት ቤቱ አመሠራረት በጠየቅናቸው ጊዜ ከመደርደሪያው አንድ ወፍራም ፋይል አውርደው ከፊታችን አኖሩልን። በውስጡ ያሉት ሁሉ የእርዳታ መጠየቂያ ደብዳቤዎች ነበሩ፤ ለፋብሪካ፣ ለበጎ አድራጎት ድርጅት፣ በአዲስ አበባና በውጭ አገር ለሚኖሩ የከተማይቱ ተወላጆች የተጻፉ። ሳገላብጣቸው የተማሪዎቹ ቁጥር ከደብዳቤ ደብዳቤ እንደሚለያይ አስተዋልሁና ምክንያቱን ጠየቅኋቸው። «መምህር፣ አንዱ ረጂ ብዙ ልጅ ካልተጠቀመ አልሰጥም ይላል፤ ሌላው ደግሞ ብዙ ናቸው ከተባለ ወጪውን ፈርቶ ይሸሻል። እኔ ታዲያ ምን ላድርግ?» አሉኝ።

ይህ አነጋገር በሐሳቤ ተቀርጾ ቀረ። በኋላም በአገራችን የዘመናዊ ትምህርት ታሪክ ብዙም ያልተወሳውን የአንድ ትምህርት ቤት ታሪክ ሳነብ ያው የቁጥር ጭንቀት፣ ያው የረጂ ፍርሃት፣ ያው የርዕሰ መምህር መንገላታት ከመቶ ዓመት በፊትም እንደነበረ ተረዳሁ። ይኸውም በ1920ዎቹ በአዲስ አበባ የተከፈተው የቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ ከመከፈቱ በፊት ወደ ስድሳ ዓመት ያህል ደብዳቤ ተጽፎለታል፤ ከተከፈተ በኋላም ዕድሜው በደብዳቤ የተለካ ሆነ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ደብዳቤዎቹን እነማን እንደጻፏቸውና መልሱን ይሰጡ የነበሩ ሰዎች የትምህርት ቤቱን ቦታ፣ የትምህርቱን ዓይነትና የተማሪውን ዕጣ እንዴት እንደወሰኑት ማሳየት ነው።

አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን ማስታወስ ያሻል። ጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመተ ምሕረቶች፣ ደብዳቤ ጸሐፊዎቹ ይጠቀሙበት በነበረው በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። እንዲሁም በዚያ ዘመን የተቋቋሙት ኮሚቴዎች በስማቸው የያዙት «ፈላሻ» የሚለውን መጠሪያ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ራሱን ቤተ እስራኤል ብሎ ስለሚጠራ እኛም በዚሁ እንጠቀማለን።

የሺቫና የቆሎ ትምህርት ቤት

ለአይሁድ ረቢ የእርዳታ ደብዳቤ መጻፍ እንግዳ ሥራ አይደለም፤ ከመምህርነቱ ጋር አብሮ የመጣ ሸክም ነው። የሺቫ የሚባለው ደቀ መዛሙርት ኦሪትንና ታልሙድ የተባለውን የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ ከረቢው እግር ሥር ተቀምጠው የሚማሩበት ከፍተኛ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ነው። አንባቢው በልቡ የመጻሕፍት ጉባኤ ቤትን ቢያስብ ከነገሩ ብዙ አይርቅም። የኑሮው ሁኔታም ይቀራረባል። የእኛ የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በየደጁ ቁራሽ ይለምን እንደነበረ ሁሉ፣ በምሥራቅ አውሮፓ የነበረውም የየሺቫ ተማሪ ሰኞ በአንዱ ቤት፣ ማክሰኞ በሌላው ቤት እየተዘዋወረ ይመገብ ነበር። የጎረቤት እጅ ሲያጥር የተማሪውም ሆድ ይጎድላል።

በ1803 ገደማ፣ ዛሬ በቤላሩስ ግዛት ውስጥ በምትገኘው በቮሎዢን ከተማ፣ ረቢ ሐይም የተባሉ ሊቅ ይህን ልማድ ለመለወጥ ተነሡ። የመሠረቱት የሺቫ በአንድ ከተማ ሕዝብ ትከሻ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ለአይሁድ ማኅበረሰቦች ሁሉ ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው እርዳታ ጠየቁ። ከዚያም ወዲህ ደብዳቤና መዝገብ ይዘው ከአገር አገር እየዞሩ ገንዘብ የሚሰበስቡ መልእክተኞች ይሠማሩ ጀመር። ውጤቱ ከፍ ያለ ነበር። ተማሪው ከየቤቱ ደጃፍ ተነሥቶ ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ቀለቡን የሚቀበል ሆነ፤ ክብሩም ተጠበቀ። ነገር ግን ቀድሞ ለጎረቤት ይሰጥ የነበረው መልስ አሁን ላልታወቀና በሩቅ ላለ ሰው የሚሰጥ ሆነ። ጎረቤት ተማሪውን በዓይኑ ያየዋል፤ የሩቁ ረጂ ግን የሚያየው ደብዳቤውን ብቻ ነው። የቮሎዢኑ የሺቫ እስከ 1892 ድረስ ቆይቶ፣ ከሩሲያ መንግሥት ጋር በሥርዓተ ትምህርቱ ጉዳይ በተነሣው ክርክር ተዘግቷል። እርሱ የጀመረው የደብዳቤ ልማድ ግን በሌሎቹ ዘንድ ሰፍቶ ቀረ።

ከትምህርት ቤቱ በፊት የተጻፉት ደብዳቤዎች

ስለ ኢትዮጵያ ቤተ እስራኤል በአውሮፓ የታወቀው የመጀመሪያው የረቢ ጥሪ በ1864 የወጣው የአዝሪኤል ሂልደስሃይመር ነው። እኒህ ረቢ በዚያን ጊዜ አይዘንሽታት በምትባል ከተማ የራሳቸውን የሺቫ የሚያስተዳድሩ ሰው ስለነበሩ የእርዳታ ደብዳቤ አጻጻፍ አልጠፋባቸውም። ለጥሪው ምክንያት የሆነው የለንደን የሚሲዮን ማኅበር ሥራ ነበር። ማኅበሩ ሄንሪ ስተርንን በ1860 ወደ አገራችን ልኮ፣ ከማርቲን ፍላድ ጋር በደምቢያ በጀንዳ ለቤተ እስራኤል ስብከትና ትምህርት አስጀምሮ ነበር። የሂልደስሃይመር ጥሪ በሚወጣበት ወራት ስተርን በዐፄ ቴዎድሮስ ቁጣ ታስሮ እንደነበረ አንባቢው ያስታውሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በጥሪው ውስጥ ዋናው መከራከሪያ ልጆቹ መማር አለባቸው የሚለው ሳይሆን፣ እኛ ካላስተማርናቸው ሌላው ይወስዳቸዋል የሚለው ነበር። ረጂን ለማንቀሳቀስ ከድህነት ይልቅ ተፎካካሪ ይበረታል። ይህ አቀራረብ ገንዘብ ማስገኘቱ አይካድም። ዳሩ ግን በፉክክር የተገኘ ገንዘብ ፉክክሩ ሲቀዘቅዝ አብሮ ይቀዘቅዛል፤ በተከታዩ ዘመን የታየውም ይኸው ነው።

መቀመጫው በፓሪስ የነበረውና በ1860 የተመሠረተው አልያንስ ኢዝራኤሊት ኢኒቬርሴል የተባለው ማኅበር፣ የሴማውያን ቋንቋዎች ሊቅ የነበሩትን ጆሴፍ ሃሌቪን በ1867 ላከ። ሃሌቪ የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ለመዝመት በሚዘጋጅበት በዚያ አስቸጋሪ ጊዜ ወደ ቤተ እስራኤል መንደሮች ገብተው ተመለሱና ሕዝቡ አይሁዳዊ መሆኑን፣ ትምህርት ቤትም ሊከፈትለት እንደሚገባ አስረዱ። አልያንስ በኦቶማን ግዛትና በሰሜን አፍሪካ ብዙ ትምህርት ቤቶች የከፈተ ሀብታም ማኅበር ነበር። ወደ ኢትዮጵያ ግን አንድም መምህር አላከም። ሪፖርቱ ከመዝገብ ቤት ገብቶ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተቀመጠ። ሪፖርት ጽፎ መልስ ያጣ የትምህርት ባለሙያ ሁሉ የሃሌቪን ስሜት ለመገመት አይቸገርም።

ነገሩን ከመዝገብ ቤት ያወጡት የሃሌቪ ደቀ መዝሙር፣ በ1881 በፖላንድ በሎዝ ከተማ የተወለዱት ዣክ ፋይትሎቪች ናቸው። ባሮን ኤድሞን ደ ሮትሽልድ የጉዞውን ወጪ ችለውላቸው በ1904 ወደ ኢትዮጵያ መጡ። በ1905 ሲመለሱ ሁለት ወጣቶችን ይዘው ሄዱ፤ አንዱ ጌቴ ኤርምያስ፣ ሁለተኛው በአሥመራ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ይማሩ የነበሩት ታምራት አማኑኤል ነበሩ። ፋይትሎቪች ለባሮኑ ባቀረቡት ሪፖርት ትምህርት ቤት እንዲከፈት ጠየቁ። አልያንስ ግን አሁንም አመነታ።

የፊሬንዜው ረቢ

በዚህ ጊዜ ነበር ጉዳዩን አንድ ረቢ በማኅተማቸውና በስማቸው የተሸከሙት። ሳሙኤል ጽቪ ማርጉሊየስ በ1858 በጋሊሲያ የተወለዱ፣ ከ1890 ጀምሮ የፊሬንዜ ዋና ረቢ የነበሩ ሰው ናቸው። የኢጣልያ የረቢዎች ኮሌጅ በ1899 ወደ ፊሬንዜ ሲዛወር ኃላፊው እርሳቸው ሆኑ። ኮሌጁ ትንሽ ሲሆን፣ የወጡት ተማሪዎች ግን በኢጣልያ አይሁድ ሕይወት ውስጥ ትልቅ ሥፍራ ይዘዋል። ታምራት አማኑኤል ከፓሪስ ተዛውረው ለብዙ ዓመታት የተማሩት በዚሁ ኮሌጅ ነው።

ማርጉሊየስ ለቤተ እስራኤል ትምህርት የተቋቋመውን ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት ይዘው ወደ አውሮፓ የአይሁድ ማኅበረሰቦች ጥሪ ያስተላልፉ ጀመር። ፋይትሎቪች ወጣት ምሁር ስለነበሩ በስማቸው ብቻ የተጻፈ ደብዳቤ ሩቅ አይሄድም ነበር። የአንድ ታላቅ ከተማ ዋና ረቢ ሲፈርሙበት ግን ደብዳቤው በየምኩራቡ ይነበባል፤ ገንዘብ ያዡም መልስ ለመስጠት ይገደዳል። ዛሬም ቢሆን የርዕሰ መምህር ደብዳቤ የወረዳው ሹም ማኅተም ሲያርፍበት ጉልበቱ እንደሚለወጥ የምናውቀው ነው።

በዚሁ ዘመን የተዘጋጀ ሌላ ደብዳቤ አለ፤ ከሁሉም ይልቅ እኔን የሚደንቀኝ እርሱ ነው። ከአርባ በላይ የሆኑ የልዩ ልዩ አገር ረቢዎችና ታላላቅ ሰዎች ፈርመውበት ለኢትዮጵያ ቤተ እስራኤል የተላከ መልእክት ነው። ወንድሞቻችን ናችሁ፣ አልረሳናችሁም፣ እንረዳችኋለን የሚል ይዘት ነበረው። ፋይትሎቪች በ1908 ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ይዘውት መጡ። ሌሎቹ ደብዳቤዎች ሁሉ ከለማኝ ወደ ሰጪ የሚሄዱ ሲሆኑ ይህ አንዱ ከሰጪ ወደ ተቀባይ የመጣ ነው። ተስፋ የሰጠ ደብዳቤ ግን ዕዳም ይጽፋል። የመንደሩ ሽማግሌዎች ቃሉን ከሰሙ በኋላ መምህሩ መቼ ይመጣል ብለው መጠበቃቸው አይቀርም። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት አለፈ።

ስንት ናቸው?

ወደ ርዕሰ መምህሩ ፋይል የሚመልሰን ክርክር የተነሣው በ1908 ነው። አልያንስ የፋይትሎቪችን ዘገባ ብቻ ማመን ስላልፈለገ የራሱን መልእክተኛ ላከ። እርሳቸውም ረቢ ሐይም ናሑም ነበሩ፤ በኋላ የኦቶማን መንግሥት፣ ከዚያም የግብፅ አይሁድ ዋና ረቢ የሆኑት። ናሑም ተመልሰው ባቀረቡት ሪፖርት የቤተ እስራኤል ቁጥር ከ6,000 እስከ 7,000 ቢሆን ነው አሉ፤ ሰፊ የትምህርት ሥራ መጀመሩንም አልደገፉም። ፋይትሎቪች ደግሞ ቁጥሩን 50,000 ያህል አድርገውት ነበር።

የሁለቱ ግምት ልዩነት ሰባት እጥፍ ይሆናል። ሁለቱም በአገሩ የተዘዋወሩ፣ የተማሩ ሰዎች ናቸው። ሕዝቡ በደምቢያ፣ በወገራ፣ በሰሜን፣ በጎጃም ጫፍና በትግራይ ከሌላው ሕዝብ ጋር ተቀላቅሎ በትናንሽ መንደሮች ተበትኖ የሚኖር ስለነበረ፣ ቆጠራም ባልነበረበት ዘመን እውነተኛውን አኀዝ ማግኘት ለማንም አይቻልም ነበር። ስለሆነም ቁጥሩ የተመዘነው በመንገዱ ርዝመትና በታየው መንደር ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ መልእክተኛ ሊጠይቅ ባሰበው ነገርም ጭምር ነበር ብል ሁለቱንም የበደልሁ አይመስለኝም። ትምህርት ቤት ለማስከፈት የሚጽፍ ሰው መንደሮቹን አብዝቶ ያያል፤ ላኪው ማኅበር ወጪውን እንደሚፈራ የሚያውቅም አሳንሶ ያያል።

ቁጥር አንድ ጊዜ ከተጻፈ በራሱ እግር ይሄዳል። የኢየሩሳሌሙ ረቢ አብርሃም ይስሐቅ ኩክ በ1921 ለዓለም አይሁድ ስለ ቤተ እስራኤል ባወጡት ጥሪ 50,000 ነፍሳት ከመጥፋት እንዲድኑ ተማጥነዋል። የፋይትሎቪች ግምት በታላቁ ረቢ ብዕር ሲጻፍ ግምትነቱ ቀርቶ የታወቀ ነገር ሆነ። ለዕቅድ አውጪ ይህ ጉዳይ ቀላል አይደለም። የተማሪ ብዛት ለእርዳታ ደብዳቤ ማሳመሪያ ከተነገረ በኋላ ለመማሪያ ክፍልና ለመጽሐፍ ድልድልም የሚያገለግለው ያው ቁጥር ነው። በእኔም የሥራ ዘመን እንዲህ ባለ አኀዝ የተደለደሉ መጻሕፍት በአንዱ ትምህርት ቤት መጋዘን ሞልተው፣ በሌላው ሦስት ተማሪ በአንድ መጽሐፍ ሲማር አይቻለሁ።

የናሑም ሪፖርት አልያንስን ከጉዳዩ አወጣው። የቀረው የማርጉሊየስ ኮሚቴ ነበር። ፋይትሎቪች በ1913 ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ በደምቢያ ትንሽ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ አስተማሪውም በአውሮፓ ተምረው የተመለሱት ጌቴ ኤርምያስ ሆኑ። በ1914 የኮሚቴው ማዕከል ከፊሬንዜ ወደ ጀርመን ወደ ፍራንክፈርት ተዛወረ። በዚያው ዓመት የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ኢጣልያና ጀርመን በተቃራኒ ጎራ ተሰለፉ፤ ፖስታው ተቋረጠ፤ የገንዘቡም ምንጭ ነጠፈ። ደብዳቤ በሚያልፍበት መንገድ ብቻ የሚኖር ትምህርት ቤት መንገዱ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ጦርነቱ አሳየ።

በአዲስ አበባ

ከጦርነቱ በኋላ ፋይትሎቪች በ1920 ከታምራት ጋር ተመለሱ። የአውሮፓ አይሁድ ማኅበረሰቦች በጦርነቱ ተጎሳቁለው ስለነበረ ልመናው ወደ አሜሪካ ዞረ፤ በ1922 በኒው ዮርክ የአሜሪካ ኮሚቴ ተቋቋመ። ማርጉሊየስ በዚያው ዓመት ሞቱ። ከ1923 እስከ 1924 ባለው ጊዜ ውስጥም በአዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ዲሬክተሩ ታምራት አማኑኤል ነበሩ። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ገና አሥራ አምስት ዓመት ያህል ሆኖት፣ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ደግሞ ገና በ1925 ሊከፈት እንደነበረ ስናስብ፣ ይህ ትምህርት ቤት በአገሪቱ ከነበሩት ጥቂት ዘመናውያን ትምህርት ቤቶች አንዱ መሆኑን እንረዳለን።

አዲስ አበባ ለምን ተመረጠች? ሕዝቡ የሚኖረው በጎንደር ዙሪያ ሲሆን ከዚያ እስከ ዋና ከተማይቱ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ልጆቹ የሳምንታት መንገድ በእግር መምጣት ነበረባቸው። ነገር ግን ቤተ መንግሥቱ፣ ሌጋሲዮኖቹ፣ ባንኩና ፖስታ ቤቱ ያሉት በአዲስ አበባ ነበር። ባቡሩም እንደዚሁ። የምድር ባቡሩ ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ወደ ባሕር ማዶ የሚሄደው ሰውና መልእክት በአብዛኛው በሞጆና በአዳማ አልፎ ይወርድ ነበር። ባቡሩ በሌሊት ስለማይጓዝ አንድ ሌሊት በአዋሽ፣ ሁለተኛውን በድሬ ዳዋ አድሮ በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ ይደርሳል። በአዳማ የድሮው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለፍሁ ቁጥር ይህን አስባለሁ። ትምህርት ቤቱ ከተማሪው ደጃፍ ይልቅ ለደብዳቤው መንገድ ቀርቦ ተሠርቶ ነበርና። ውሳኔው በጊዜው አማራጭ ያጣ መሆኑን አልክድም። ግን የመንደሩ ሕዝብ ትምህርት ቤቱን እንደ ራሱ ሊያየው የሚችልበት ዕድል በዚህ ተቀነሰ።

የሥርዓተ ትምህርቱ ነገር ከቦታውም ይልቅ የከበደ ነው። በዚያ ዘመን ቤተ እስራኤል ኦሪትን ያነቡ የነበረው በግዕዝ ሲሆን፣ ሃይማኖታቸውን ይጠብቁ የነበሩት ቄሶቻቸውና መነኮሳቱ ነበሩ። ታልሙድን አያውቁም ነበር። በአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ግን ከአማርኛና ከዘመናዊው ትምህርት ጋር ዕብራይስጥና የረቢዎቹ ሥርዓት ይሰጥ ነበር። ረጂዎቹ ገንዘባቸውን የሚልኩት ልጆቹ እንደ እነርሱ ሆነው እንዲያዩአቸው ነበርና። ከዚህም የተነሣ ልጁ ሲመለስ አባቱ በግዕዝ የሚጸልዩትን ጸሎት ጎደሎ አድርጎ የሚያይ፣ ለአባቱም ልጁ እንግዳ የሚሆንበት ሁኔታ ተፈጠረ። በአንድ በኩል ስናየው ትምህርት ቤቱ ሕዝቡን ከዓለም አይሁድ ጋር ለማገናኘት የተጣለ ድልድይ ነው። በሌላ በኩል ግን ድልድዩ የተለካው ከማዶ ባለው ዳር ብቻ ነበር። ታምራት የሁለቱንም ዳር ሰዎች ቋንቋ የሚያውቁ ሰው እንደመሆናቸው ይህን ውጥረት ከማንም ይልቅ የተሸከሙት እርሳቸው ናቸው።

ወደ ውጭ የተላኩት ልጆች ታሪክ ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። ከ1905 እስከ ኢጣልያ ወረራ ድረስ ወደ 25 የሚሆኑ ወጣቶች በኢየሩሳሌም፣ በግብፅ፣ በጀርመን፣ በስዊዘርላንድ፣ በፈረንሳይና በእንግሊዝ ወደሚገኙ ትምህርት ቤቶች ተልከዋል። ቦታው የተመረጠው ለልጁ የሚስማማው የትኛው ነው ተብሎ ሳይሆን፣ ለደብዳቤው እሺ ያለው የትኛው ማኅበረሰብ ወይም ቤተሰብ ነው ተብሎ ነበር። ስለዚህም አንዱ ወጣት በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት አገርና ሦስት ቋንቋ ይለዋውጣል። ዮና ቦጋለ ከኢየሩሳሌም ወደ ፍራንክፈርት፣ ከዚያም ወደ ስዊዘርላንድና ወደ ፓሪስ ተዘዋውረው ተምረዋል፤ ወደ አገራቸው ተመልሰውም በዚሁ በአዲስ አበባው ትምህርት ቤት አስተምረዋል። በግብፅ የተማሩት ታደሰ ያዕቆብ በኋላ በገንዘብ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹም ሆነዋል። ከተላኩት መካከል በባዕድ አገር ብርድና በሽታ በወጣትነታቸው የሞቱም አሉ።

ዲሬክተሩና የሩቁ ኮሚቴ

ፋይትሎቪች ትምህርት ቤቱን ካቋቋሙ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በውጭ አገር ነበሩ። ገንዘብ የሚገኘው እዚያ ስለሆነ መሄዳቸው ግድ ነው። እዚህ የቀሩት ግን ጤፍ የሚገዙት፣ የመምህራኑን ደመወዝ የሚከፍሉት፣ የታመመውን ልጅ ሐኪም ዘንድ የሚወስዱት ታምራት ነበሩ። አዳሪ ትምህርት ቤት በየዕለቱ ይበላል፤ ኮሚቴ ግን የሚሰበሰበው በየወሩ ወይም በየመንፈቁ ነው። ከኒው ዮርክ በመርከብና በባቡር የሚመጣ መልስ ሳምንታት ይፈጃል። የጎደለውን ለመሙላት የሚጻፈው ደብዳቤ ከኮሚቴው ሲደርስ ጉድለቱ ሌላ ጉድለት ወልዶ ይቆያል።

ለዕቅድ ሥራ የቀረበ አንባቢ እዚህ ላይ የሁለት ዓይነት ገንዘብን ልዩነት ያስተውላል። ረጂ ለማቋቋሚያ መስጠት ይወዳል፤ የመሠረት ድንጋይ፣ አዲስ ቤት፣ ወደ ውጭ የሚላክ ልጅ ፎቶግራፍ ይኖረዋል። የዓመት ቀለብ ግን ፎቶግራፍ የለውም። የአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ችግር ከመክፈቻው ይልቅ ሥራ ማስኬጃው ላይ ነበር። በ1929 የአሜሪካ ኢኮኖሚ ሲወድቅ የኮሚቴው መዋጮም አሽቆለቆለ። ይህም የሆነው ትምህርት ቤቱ ተመራቂዎቹን መልሶ በመምህርነት መቅጠር በጀመረበት ጊዜ ነው፤ ማለትም ፍሬ ማየት በሚጀምርበት ጊዜ።

በዚህ ሁሉ ታምራትን የሚያስመሰግናቸው ትምህርት ቤቱን እስከ ወረራው ድረስ ማቆየታቸው ነው። ፋይትሎቪችን አብዝተው የሚያወድሱ ጽሑፎች ብዙ ናቸው፤ ውዳሴው ይገባቸዋል። ነገር ግን ለሃያ ዓመት ደብዳቤ ከሚጽፈውና ለአሥር ዓመት ልጆችን ከሚመግበው ማን የበለጠ ሠራ ብባል መልሴን ለመስጠት ብዙ አላመነታም። ታሪክ ጸሐፊ ግን የሚከተለው ወረቀትን ስለሆነ፣ ብዙ የጻፈው ሰው ብዙ ይታወሳል።

በ1936 የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ሲገባ የትምህርት ቤቱ ሥራ አከተመ። ታምራትም ከግራዚያኒ ጭፍጨፋ በኋላ አገር ጥለው ተሰደዱ። በ1938 ፋሺስቱ መንግሥት የዘር ሕግ አውጥቶ የኢጣልያን አይሁድ ከትምህርት ቤትና ከመንግሥት ሥራ አባረረ፤ በጀርመን የነበሩት ረጂ ማኅበረሰቦችም በናዚ እጅ ጠፉ። ከፊሬንዜና ከፍራንክፈርት ደብዳቤ ሲቀበሉና ሲልኩ የነበሩት ሰዎች አሁን ራሳቸው የሚደርስላቸው ያጡ ሆኑ።

ከነፃነት በኋላ

ከነፃነት በኋላ ታምራት በመንግሥት አገልግሎት ገብተው በትምህርት ሥራና በፓሪስ በነበረው ሌጋሲዮን አገልግለዋል። ስለ ኢትዮጵያ ደራስያን የጻፉትን አጭር ጥናት የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ መምህራን ሳያውቁት አይቀሩም። በ1963 በእስራኤል አረፉ።

የደብዳቤው ሥራ ግን ወደ ዮና ቦጋለ ተላለፈ። በ1955 የአይሁድ ኤጀንሲ በአሥመራ የመምህራን ማሠልጠኛ ከፍቶ፣ ኃላፊነቱን ረቢ ሽሙኤል በኤሪ ለተባሉ ሰው ሰጠ። እኛ የማሠልጠኛ ሰዎች ልናጠናው የሚገባን ምዕራፍ ይህ ነው፤ ልጁን ወደ ሩቅ ከተማ ከመውሰድ ይልቅ መምህሩን አሠልጥኖ ወደ መንደሩ መመለስ የታሰበው በዚህ ጊዜ ነውና። ሠልጣኞቹ በየመንደሩ ትምህርት ቤት መክፈት ጀመሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በጀቱ ተቀነሰና አብዛኞቹ ተዘጉ፤ የአምቦበር ትምህርት ቤት በችግር ሥራውን ቀጠለ። ዮናም እስከ 1979 ድረስ፣ ወደ እስራኤል እስኪሄዱ፣ የመምህራን ደመወዝ እንዲላክ ወደ ለንደን፣ ወደ ኒው ዮርክና ወደ ኢየሩሳሌም መጻፋቸውን አላቋረጡም።

ፋይትሎቪች በ1955 በቴል አቪቭ ሲሞቱ መጻሕፍታቸውን ለከተማይቱ ተናዘዋል፤ ስብስቡ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። የታምራት አማኑኤል ደብዳቤዎች ደግሞ በ2000 በኢጣልያ ታትመዋል። ደቀ መዝሙር ሆነው ፊሬንዜ ከገቡበት ጊዜ ጀምሮ የጻፏቸውን መልእክቶች ዛሬ ማንም ተመራማሪ ሊያነባቸው ይችላል፤ ወደ አማርኛ ተመልሰው መምህራን ቢያነቧቸው ደግሞ ይበልጥ በወደድሁ።

በመግቢያው ያነሣኋቸው ርዕሰ መምህር ጡረታ ወጥተዋል። ሥራቸውን ለተተኪያቸው ሲያስረክቡ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ኳስና ካርታ ሁሉ በርክክብ ዝርዝሩ ላይ ተመዝግቧል፤ ያ ወፍራም ፋይል ግን አልተመዘገበም ነበር። በሚቀጥለው ጉብኝታችን ጊዜ ከዕቃ ክፍሉ ከተሰበሩ ዴስኮች ሥር አገኘነውና፣ አዲሱ ርዕሰ መምህር ፈቅደውልን አንድ ቅጂ ለኮሌጃችን ቤተ መጻሕፍት ወስደናል።